የነፋሱ ድርሻ

በእገዳው በ19ኛው ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ በወንዙ ዳር ማጣሪያ ጣቢያ ለምትገኘው

ሰላምታዬ ከአንቺ አልፎ አብረውሽ ለተዘጉት ዐሥራ አንድ የፓምፕ ሠራተኞች ይዳረስ። ወረርሽኙ ወደ ሞተሮቹ ክፍል እንዳይገባ ብለሽ ራስሽን ከነሠራተኞችሽ ጣቢያው ውስጥ መዝጋትሽን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ የሚያደንቅሽም የሚያማሽም አለ። ደብዳቤሽን የክሎሪን ጫኙ ሾፌር በበሩ ቀዳዳ አሾልኮ ሰጥቶኛል።

በስልክ ብንነጋገር ይሻላል ያልሽውን አልቀበልም። ጆሮዬ ለስልክ አይታዘዝም፤ ደግሞም የተነገረ ይካዳል፣ የተጻፈ ግን አይካድም። በውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆጣሪ አንባቢዎች ኀላፊ ሆኜ ስሠራ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ አንቺም ዛሬ የምትመሪው ያንኑ ጽሕፈት ቤት ስለ ሆነ ብትማሪው አይጎዳሽም።

ሰው የውሃ ሒሳቡን እንዲከፍል ዞሬ እንደ ሆነ ጠይቀሻል። ዞሬአለሁ። የኮረብታውን ሰፈር ስድሳ ሦስት ቤቶች በአራት ቀን አዳረስኩ፤ ከየበሩ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ አፌን ሸፍኜ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ እየጮኽኩ። በዕዳ ምክንያት ከማንም ቤት ውሃ አይቆረጥም የሚለው ትእዛዝ ከወጣ ወዲህ ሰው ለውሃ መክፈልን እንደ ሞኝነት ቆጥሮታል። የባሰው ማን እንደ ሆነ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ፤ ከዐሥር ዓመት በፊት ቆጣሪው ላይ ማግኔት ለጥፎ የያዝኩትና ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ “ማግኔት” ብሎ የሚጠራው ጎረቤታችን ነው።

“ጋሽ ቆጣሪ፣” አለኝ በበሩ ስንጥቅ፤ ሰፈሩ ለእኔም ስም አልነፈገኝም። “ብከፍልም ባልከፍልም ውሃው የሚመጣ ከሆነ ለምን ብዬ ነው የምከፍለው?”

“ሁሉም እንዳንተ ያሰበ ዕለት ስለማይመጣ።”

“እንግዲያው ሌላው ሞኝ ይሁንና ይክፈል፤ እኔ ብቻ አስተዋይ ልሁን።”

“አንተንስ ካስተዋልኩህ ዐሥር ዓመት አለፈኝ።”

ሳቀ፤ በማግስቱም ከፈለ። ከስድሳ ሦስቱ ሃምሳ አንዱ ከፍለዋል። ያሳመናቸው ግን ማስታወቂያሽ አይደለም (ሁለት የፊደል ግድፈት አለበት፤ አስምሬበት ልኬዋለሁ)፤ ያሳመናቸው ቃሌ ነው። “የምትከፍሉት ወደ ቤታችሁ ለገባው ውሃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተጻፈባችሁ እኔን ያዙኝ” ብያቸዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከቃሌ በቀር ለመያዣ የማቀርበው ንብረት የለኝም።

ቆጣሪ አንባቢዎች ግቢ እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ነዋሪው ቆጣሪውን ራሱ አንብቦ በወረቀት ላይ ጽፎ በሩ ላይ እንዲሰቅል ማድረግሽን አልወደድኩትም። ይህ ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አልገባኝም። ውሃው ድሮ በቀን አንድ ጊዜ መጥቶ ረጅም ሰዓት ይቆይ ነበር። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ መጥቶ ወዲያው ይሄዳል። ለምን?

እናትሽ ደኅና ናት። ይህን ስጽፍ ተኝታለች፤ ስለዚህ ከደብዳቤዬ ግርጌ የእጇን ጽሑፍ አትፈልጊ።

አጎትሽ


በእገዳው በ24ኛው ቀን

ለተከበሩት አጎቴ

ጋሼ፣ ከዚህ ከወንዙ ዳር ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ያሰመሩበትን ማስታወቂያ አርሜ አሳትሜዋለሁ፤ ስለ ግድፈቱ ይቅርታ።

ስለ አዳራችን ልንገርዎ። ሠራተኞቹ ባዶ በርሜሎቹን ገፋ አድርገው በኬሚካል መጋዘኑ ውስጥ አንጥፈዋል። እኔ ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ በሁለት የጠርሙስ መደርደሪያዎች መካከል ነው የምተኛው። ሽማግሌው የሞተር ሠራተኛ ሞተሩ ሲጠፋ ከእንቅልፉ ይነቃል፤ ሲነሣ ይተኛል። “እኔን ያሳደገኝ ይህ ድምፅ ነው” ይላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን ባጠፋሁ ቁጥር በክፉ ዓይን ያየኛል።

ክሎሪን አቅራቢው ድሮ በዱቤ ይሰጠን ነበር፤ አሁን ገንዘቡ ካልቀደመ በርሜሉ ከመጋዘኑ አይነሣም። ውሃ የማይቆረጥበት ከተማ ላይ ውሃ መሸጥ ምን እንደሚመስል ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። መንግሥት አትቁረጡ አለ፤ በምን ትገፋላችሁ ግን አላለም። እርስዎ ያንኳኩት በር ለዐሥራ ሁለት ቀን የሚሆን ክሎሪን ሆኖ ገብቶልናል።

ሦስቱ ተራ ሰው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እጁን እንዲታጠብ ታስቦ የተደረገ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

አንድ የምሥራችም አለኝ። በነዳጅ እጥረት ወደ ከተማው የምንገፋው ውሃ በሩብ ቀንሷል፤ ገቢያችን ግን ካለፈው ወር በልጧል። የሰው ልብ በክፉ ቀን እንዲህ ቅን ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እናቴ ለአንዲት መስመር ያህል እንኳ አልነቃችም? ቀን መተኛት አታውቅም ነበር።

የእህትዎ ልጅ


በእገዳው በ29ኛው ቀን

የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፤ የያዝኩት ጉዳይ ቦታ ይፈልጋል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው አንድ ዐረፍተ ነገር አላሳልፍ አለኝ። ውሃው በሩብ ቀነሰ፣ ገቢው በለጠ። ዋጋ አልተጨመረም። የከፋዩም ቁጥር ካለፈው ወር አልበዛም። እንግዲያው የተሸጠው ምንድን ነው?

ሐሙስ ዕለት በርጩማዬን ይዤ ቆጣሪዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። የጓሮውን ቧንቧ ከፍቼ ባልዲ ደቀንኩ። የቀትሩ ተራ ሲደርስ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ከዚያም ያፏጭ ጀመር። ባልዲው ውስጥ ጠብታ የለም፤ የቆጣሪው ትንሽ ቀይ መርፌ ግን እንደ አበደ ትሽከረከር ነበር። በሰዓቴ ያዝኩት፤ ስድስት ደቂቃ። ውሃው ብቅ ሲል ቆጣሪው መቶ ሠላሳ ሊትር ጽፏል፤ ባልዲዬ ደረቅ ነው። ማታም ተመልሼ ተቀመጥኩ። መቶ ዐሥር።

ባዶ ቧንቧ ሲሞላ በውስጡ የነበረው አየር መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ደግሞ የሰው ቤት ነው። ቆጣሪ ዓይን የለውም፤ የገፋውን ሁሉ ይቆጥራል። ውሃ በቀን አንድ ጊዜ ሲመጣ ነፋሱ አንድ ጊዜ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ነው። አየር ወደ ከፍታ ስለሚሸሽም አብዛኛው የሚወጣው በእኛ ኮረብታ ላይ ነው፤ ክፈሉ ብዬ በለመንኩበት ሰፈር። ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ አንቺ ተምረሽዋል።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቷን በበሩ ላይ አሳየችኝ። “አባባ፣” አለችኝ፣ “ደንበኛ ከጠፋ ወር ሆኖኛል፤ የምኖረው ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው፤ የምናጥበውም በሳምንት አንድ ቀን። ይህን ሁሉ ውሃ የጠጣው ማነው?”

“ይጣራል” አልኳት። ማግኔት ከአጥሩ ማዶ ሰምቶን ኖሮ፣ “እኔ ቆጣሪ ባቆም ሌባ ተባልኩ፤ ቆጣሪ የሚያስሮጥስ ምን ይባላል፣ ጋሽ ቆጣሪ?” አለ። ማግኔት አፌን ሲያስይዘኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ታውቂ ነበርን?

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ቀን መተኛቷ የዕድሜ ነው።

አጎትሽ


በእገዳው በ32ኛው ቀን

ጋሼ፣

በመጀመሪያ፣ የላኩልኝ ፖስታ ተከፍቶ ዳግመኛ የታሸገ መስሎኛል፤ ሙጫው ሁለት ዓይነት ነው። ሾፌሩ ዝምተኛ ነው እንጂ ማንበብ አያቅተውም። ይህን የመሰለውን ነገር እባክዎ በጽሑፍ አያስፍሩት። ወሬው ከተማ ውስጥ ቢገባ በሚቀጥለው ቀን የገንዘብ ቤቱ መስኮት ላይ የሚቆም ከፋይ አይኖርም።

የቧንቧው አየር ጉዳይ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ በባለሙያ እየታየ ነው።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሾፌሩ በሳምንት ሁለት ቃል አይወጣውም፤ ትናንት ግን ሳልጠይቀው፣ “በበራችሁ ላይ ቢጫ ወረቀት አየሁ” ብሎኝ ሄደ። ምን ወረቀት ነው?

የእህትዎ ልጅ


በእገዳው በ35ኛው ቀን

የእህቴ ልጅ፣

ሾፌሩን አታሚው። ፖስታውን የከፈትኩት እኔው ነኝ። ካሸግኩት በኋላ አንድ ግሥ ያለ ቦታው መግባቱ ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ ስላጣሁ፣ ከፍቼ አርሜ በዱቄት ሙጫ መልሼ ለጠፍኩት።

“በባለሙያ እየታየ ነው” የሚለው ዐረፍተ ነገርሽ ባለቤት የለውም። በመሥሪያ ቤት ዘመኔ አድራጊውን የደበቀ ዐረፍተ ነገር ሁሉ ሌላም ነገር ደብቆ ነው ያገኘሁት። ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ያየሽውን ንገሪኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ውሃው በቀን አራት ጊዜ መምጣት ጀምሯል። እጅ ለመታጠብ ነው እንዳትዪኝ፤ የሰፈሩ ሰው እንዲህ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ቆዳው በተላጠ ነበር። ጥያቄዬ በሦስት ተራ ሲቀርብልሽ አራት ያደረግሽው ሳታውቂ ነው ብዬ እንድቀበል አትጠብቂኝ።

መልስሽን እስካገኝ ድረስ የማንንም በር አላንኳኳም።

ቢጫው ወረቀት የቆጣሪ ንባብ የሚጻፍበት ነው።

አጎትሽ


በእገዳው በ38ኛው ቀን

ጋሼ፣

አውቅ ነበር። ከእንግዲህ ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር አልጽፍልዎትም።

ስጀምረው አላወቅሁም። ሦስቱን ተራ ያወጣሁት በእርግጥም ለእጅ መታጠቢያ ብዬ ነው። ሦስት ተራ በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ከጣቢያው የወጣውን ውሃ ከየበሩ ከተሰበሰቡት ወረቀቶች ድምር ጋር አመሳከርኩት። ድሮ ከላክነው ውሃ ሲሶው በመንገድ ላይ ይፈስስብን እንደ ነበር እርስዎም ያውቃሉ። ያን ሳምንት ግን የላክነውና ነዋሪው ጠጣሁ ያለው እኩል ሊሆኑ ጥቂት ቀራቸው። ያረጀ ቧንቧ በሁለት ሳምንት አይጠገንም። ወረቀቶቹን ዘርግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ሳቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልሳቅሁም።

በዚያኑ ዕለት ወደ አንድ ተራ መመለስ እችል ነበር። በዚያው ዕለት ግን አቅራቢው ገንዘቡ ካልቀደመ ብሎ የተጫኑትን በርሜሎች ከመኪናው ላይ መልሶ ሊያወርድብኝ ነበር። ገንዘቡ ገባ፣ በርሜሎቹ መጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ነዳጅ አጠረኝ፤ አራተኛውን ተራ የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ እያወቅሁ። የሞተር ሠራተኛው ትእዛዙን ስሰጠው፣ “ለምን ይሆን?” አለኝ፤ “አንተ ቫልቭህን ክፈት” አልኩት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም ነበር። በነፋስ ክሎሪን ገዝቻለሁ፣ ጋሼ። ክሎሪኑ ግን እውነተኛ ክሎሪን ነው፤ ከተማው በንጹሕ ውሃ ነው የታጠበው።

የምለምንዎ እስከ ወረርሽኙ መጨረሻ ዝም እንዲሉ ነው። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ሰው ሒሳብ ላይ እቀንሳለሁ። አሁን ከተናገሩ ግን ሰው መክፈል ያቆማል፤ በመጋዘን ያለኝ ነዳጅ የዘጠኝ ቀን ነው።

የቆጣሪ ወረቀት ነጭ ነው። ያሳተምኩት እኔ ነኝ። ቢጫ ወረቀት በር ላይ የሚለጥፈው ጤና ቢሮ ነው፤ ከቤቱ በሽተኛ ሲወጣ።

እናቴ የት ናት?

የእህትዎ ልጅ


በእገዳው በ41ኛው ቀን

ልጄ፣

ዋሽቼሻለሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከጻፍኩልሽ ሁለት ቀን ቀድሞ እናትሽን ወደ ለይቶ ማቆያው ወስደዋታል፤ ከእኛ በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው የቀድሞው ትምህርት ቤት ነው። መኪናው ላይ ሲያወጧት ክንዴን ይዛ፣ “ልጅቷ እንዳትሰማ፤ ጥላው ትመጣለች፤ እሷ ከመጣች ያንን ሞተር ማን ይጠብቀዋል?” አለችኝ። እኔም ከአንቺ የጠየቅሁትን ሐቅ ለአንቺ ነፈግሁሽ። በየቀኑ በመስኮቱ በኩል አያታለሁ። መጀመሪያ አልለየችኝም ነበር፤ ከትናንት በስቲያ ግን ኮሌታዬ መቆሸሹን በእጇ አሳየችኝ። ትድናለች ብዬ መጻፍ አልደፍርም፤ አይታኛለች ብዬ ግን እጽፋለሁ።

ማቆያው የሚጠጣው ከእኛው መስመር ነው፤ የመስመሩም መጨረሻ እርሱ ነው። ውሃው ከቆመ ቀድሞ የሚጠማው ማን እንደ ሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ይህን እያወቅሁ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ዝም ልበል ብዬ ወጣሁ፤ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ደርሼ፣ “አባባ፣ ይጣራል ብለውኝ ነበር፤ ተጣራ?” ስትለኝ አፌ ዝም ማለትን እምቢ አለ። እዚያው አልነገርኳትም፤ ግን “ነገ” አልኳት። ነገ ሦስት ቀን ሆነው።

ሕዝቡ የከፈለው ማስታወቂያሽን አምኖ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። የከፈለው በቃሌ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ብነግራቸው፣ በሚቀጥለው ክፉ ቀን እውነት ይዤ ብመጣ እንኳ በር የሚከፍትልኝ አይኖርም፤ ለአንቺም፣ ከአንቺ ቀጥሎ ለሚመጣውም።

ስለዚህ ይህን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ።

“ለከተማው ነዋሪዎች። ባለፉት ሳምንታት ውሃው በቀን ደጋግሞ በመከፈቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሳያውቀው፣ ቆጣሪዎቻችሁ ከውሃው በፊት የሚወጣውን አየር ቆጥረዋል። ከነገ ጀምሮ ውሃው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ፉጨቱ ሲጀምር አንድ ጊዜ፣ ውሃው ሲደርስ አንድ ጊዜ ቆጣሪያችሁን አንብቡና ሁለቱንም ቁጥሮች ጽፋችሁ ስቀሉ። በመካከላቸው ያለው የነፋሱ ድርሻ ነው፤ አይከፈልበትም። እስከ ዛሬ የተከፈለበትም ከሚቀጥለው ሒሳባችሁ ይቀነሳል። ባለመክፈሉ ውሃ የሚቆረጥበት ሰው የለም። ሁሉም ካልከፈለ ግን ማንም ሳይቆርጠው ውሃው ይቆማል።”

ሳትፈርሚበት አልለጥፈውም። ሳትፈርሚበት ግን ዳግመኛ በር አላንኳኳም።

አጎትሽ


በእገዳው በ43ኛው ቀን

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ እስከ ጣቢያው አጥር ድረስ ሄድኩ። ሽማግሌው የሞተር ሠራተኛ ከኋላዬ መጥቶ፣ “በሩ አልተቆለፈም፤ አንቺ ነሽ የዘጋሽው” አለኝ፤ ወደ ሞተሩም ተመለሰ። እኔም ተመለስኩ። እናቴ እንደ ፈራችው አልሆንኩም፤ ከፈለጉ ይንገሯት፣ ካልፈለጉ ይተዉት። በእርስዎ ግን አዝኛለሁ፤ ሃያ አራት ቀን ሙሉ “ተኝታለች” ብለውኛል። ይህን ሐዘን ለማብረድ ደብዳቤ አይበቃም፤ ስንገናኝ እንነጋገርበታለን።

ማስታወቂያውን ፈርሜ ልኬዋለሁ። አሠራሩ እንደማያዋጣ ግን ልንገርዎ። ነፋሱን ራሳችሁ ቀንሱ ከተባለ ከተማው በሙሉ ነፋስ ብቻ ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያላመኑትን ሕዝብ ዛሬ አምነው እኔ ላይ ሲፈርዱ ይገርመኛል።

ከረቂቅዎ ሦስት ቃላት ሰርዣለሁ፤ “ጽሕፈት ቤቱ ሳያውቀው” የሚሉትን። በቦታቸው “ሥራ አስኪያጇ እያወቀች” ብዬ ተክቻለሁ። ለእኔ ብለው እንደ ጻፉት ገብቶኛል። ግን ሐቅ በሚናገር ወረቀት ላይ እርስዎ የጻፉት ብቸኛው ውሸት በእኔ ስም ሥር እንዲቆም አልፈልግም። የዐረፍተ ነገሩ ሰዋስው ከተዛባ ያርሙት፤ ትርጉሙን ግን አይንኩት።

የእህትዎ ልጅ


በእገዳው በ60ኛው ቀን

ልጄ፣

ሰዋስዉ አልተዛባም። እንዳለ ለጥፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ በላክሽው ደብዳቤ “ትክክል አደረግን ወይ?” ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ፍርዱን አልሰጥሽም፤ የሆነውን እጽፍልሻለሁ።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ከበሬ ላይ ተቀዶ አገኘሁት። ሌላ ለጠፍኩ፤ እርሱንም ቀደዱት። ሦስት ቀን ሙሉ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮቷን ከፍታ ሹራብ ስትሠራ ዋለች። አንዱ በመንገድ አስቁሞኝ፣ “ነፋስ ሻጮች፣ ነገ ደግሞ የፀሐይ ሒሳብ ታመጡ ይሆናል” አለኝ። መንገዴን ቀጠልኩ፤ ስድቡ ሙያዊ ነበር።

በአራተኛው ቀን መጀመሪያ የመጣው ማግኔት ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት፤ የጻፈው ነፋስ ከእኔ ቆጣሪ ግማሽ አይሞላም።

“ቤትህ ከቤቴ ከፍ ይላል፤ ነፋስህ ከነፋሴ መብለጥ አለበት” አልኩት።

“ይበልጣል።”

“ታዲያ?”

“ልኩን ብጽፈው ማን ያምነኛል? እርስዎ ነዎት መጀመሪያ ማግኔት የሚፈልጉብኝ። ስለዚህ ከፍዬ ተገላገልኩ።”

በርጩማዬን ይዤ ግቢው ሄጄ አብረን አነበብን፤ ልኩንም ጻፍንለት። ሚስቱ በመስኮት ስታየን እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር።

ዛሬ ከስድሳ ሦስቱ ሠላሳ ስምንቱ ከፍለዋል። ሁሉም ነፋስ ይሆናል ያልሽው አልሆነም፤ እኔ ተስፋ ያደረግሁትም አልሆነም። ያበዙ አሉ፣ አውቃቸዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት አንብቤአቸዋለሁ። የተሰበሰበው ክሎሪኑን ገዝቷል፤ ነዳጁን ግን በግማሹ እንኳ አልሞላውም። ይህን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ያለውን መልኩን ግን አላየሽም። ወደ ኮረብታው ውሃ የሚወጣው በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ነው። ማቆያው በመኪና ይቀዳለታል። የቀረነው ባልዲ ይዘን ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ቦኖ ላይ እንሰለፋለን፤ እያንዳንዳችን ሁለት እርምጃ ተራርቀን፣ ሰልፉ እስከ መንገዱ ጥምዝ ድረስ።

እናትሽ ከተመለሰች አምስት ቀኗ ነው። ከአልጋ እስከ በር ትሄዳለች፣ በር ላይ ትቀመጣለች፣ ትመለሳለች። ሁሉንም ነግሬአታለሁ፤ “ነፋስ መሸጥ ከማን ተማረች?” ብላ ወደ እኔ አየች። እኔም ወደ ግድግዳው አየሁ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ቦርድ በማስታወቂያው ጉዳይ ለሰኞ እንደ ጠራሽ ሰምታለች። “የምትለብሰው ልብስ ንጹሕ ይኑራት” ብላለች። በቦርዱ ፊት የምትናገሪውን ጻፊልኝና ላርመው ብዬ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት በሰልፉ ላይ ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ ነበረች። ትንሹ ልጇ ባልዲውን በጭንቅላቱ ደፍቶ ይጫወታል። “አባባ፣” አለችኝ፣ “ሐቁ ጥሩ ነበር። ውሃው ግን ይሻል ነበር።”

“እውነትሽን ነው” አልኳት። ባልዲዋን በጉልበቷ እየገፋች ስትቀርብ አይቻታለሁና።

ተራዬ ደርሶ ቀድቼ ልሄድ ስል ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀትና የታሰረ ገንዘብ አውጥታ ሰጠችኝ። “ወደ መስኮቱ መሄድዎ ካልቀረ ይህንንም ያድርሱልኝ። ሁለቱንም ቁጥር ጽፌአለሁ። ይዩት፣ ከፈለጉ።”

ሳላየው ከኪሴ ከተትኩት። ባልዲውን ቤት አድርሼ ወደ ገንዘብ ቤቱ ስወርድ፣ እስከ መስኮቱ ድረስ ሁለት ጊዜ እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ባዶውን ተመልሷል።

አጎትሽ